በሁለት አውሮፕላኖች መሀል ያለችው 1000 ጫማ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት በሚኒባስ የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጣርማበር ላይ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ዋሻውን አልፈው፣ ደብረ ሲናን ትተው ቁልቁል ሲወርዱ ጋቢ ይወልቃል፣ ሹራብ ይወልቃል፣ መስኮት ይከፈታል። ጆሮ ይደፈናል። ሕፃናት ይነጫነጫሉ።

ባለፈው ኅዳር በዚያው መንገድ ስወርድ ሃይላንድ ይዤ ነበር። ጣርማበር ላይ ግማሹን ጠጣሁና ክዳኑን ጥብቅ አድርጌ ዘግቼ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። ሮቢት መናኸሪያ ደርሰን ሳነሳው ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ተጨማዷል። የረገጠው ሰው የለም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት አዩትና «ምን ሆኖ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አየሩ ነው እማማ። እዚህ ታች ያለው አየር ከላይኛው ይከብዳል፤ ተጭኖት ነው» አልኳቸው።

ጠርሙሱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «እኛንስ እንዲህ ይጫነናል ማለት ነው?» አሉ። ይጫነናል። ስለለመድነው አይሰማንም እንጂ።

ከበላያችን የሚያልፉት አውሮፕላኖች ከፍታቸውን የሚያውቁት በዚህችው ብልሃት ነው። በድሮው የከፍታ መለኪያ ውስጥ አየሩ ወጥቶለት የታሸገ ስስ የብረት ቆርቆሮ አለ። ወደ ላይ ሲወጡ የውጭው አየር ይሳሳና ቆርቆሮው ይነፋል። ሲወርዱ ይጨመቃል። ያ እንቅስቃሴ ነው መርፌውን የሚያዞረው። ዛሬ ሥራውን ኮምፒውተርና ስሱ መመርመሪያዎች ወስደውታል። የሚለካው ነገር ግን ያው የአየር ግፊት ነው።

ይህን ነገር አሁን ያነሳሁት ሰማዩ እየጠበበ ስለመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሳ የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኞች በረራ ተዘጋ። ከካርቱም በላይ ያልፉ የነበሩ አውሮፕላኖች ዙሪያውን መሄድ ጀመሩ። በሰኔ 2025 ደግሞ እስራኤልና ኢራን ሲታኮሱ የኢራን፣ የኢራቅና የእስራኤል ሰማይ ለቀናት ተዘግቶ ነበር። አንድ መንገድ ሲዘጋ ጉዞው አይቀርም። ክፍት በቀረው መንገድ ላይ ይደራረባል። ያኔ አውሮፕላኖችን የሚለያያቸው በመሀላቸው የተተወችው ቁመት ነች። ስለ እሷ ልንገራችሁ።

ከ29000 ጫማ እስከ 41000 ጫማ ያለው የሰማይ ክፍል ረጅም መንገድ የሚሄዱ ጄቶች የሚውሉበት ነው። በኪሎ ሜትር ቢባል ከ8.8 እስከ 12.5 ኪሎ ሜትር ከባሕር ወለል በላይ ማለት ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ አንዱ ከሌላው በላይ የሚበሩ ሁለት አውሮፕላኖች ቢያንስ በ1000 ጫማ መራራቅ አለባቸው። ድሮ ርቀቱ 2000 ጫማ ነበር። ይህ በግማሽ የተቀነሰበት አሠራር በሙያው ቋንቋ አርቪኤስኤም ይባላል። በእኛ አፍ «የተቀነሰ ቁመታዊ ርቀት» ብንለው ያስኬዳል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ቀድሞ በዚያ ከፍታ ውስጥ 7 ወለል ብቻ ነበር። አሁን 13 ሆኗል። ቁመቱ ሳይጨመር ባለ 7 ፎቅ የነበረውን ሕንጻ ባለ 13 ፎቅ እንደማድረግ ነው። ብዙ አውሮፕላን ያስተናግዳል። ደግሞም ፓይለቱ ለክብደቱ የሚስማማውን ከፍታ ያገኛል፤ ነዳጅ ይቆጥባል። የጄት ሞተር ከሚመቸው ከፍታ ዝቅ ብሎ ሲበር ነዳጅ ይበላል።

1000 ጫማ ግን ምን ያህል ነው? 305 ሜትር ገደማ። ከቦሌ የሚነሳው ኤ350 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 65 ሜትር አካባቢ ነው። በሁለቱ መሀል ያለው ቁመት አምስት ክንፍ አይሞላም። ፍጥነቱን ደግሞ አስቡት። ሁለት ጄቶች ፊት ለፊት ሲመጣጡ እያንዳንዳቸው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራሉ። አንዱ ከደብረ ብርሃን፣ ሌላው ከደብረ ሲና በላይ ቢሆን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይተላለፋሉ። በመኪና 60 ኪሎ ሜትር የምንጠማዘዝበት መንገድ በአየር ግማሽ ያህሉ ነው።

አሠራሩ በአንድ ቀን ዓለምን አላዳረሰም። መጀመሪያ የተሞከረው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1997 በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ነው። በጥር 2002 አውሮፓ፣ በ2003 መካከለኛው ምሥራቅ፣ በጥር 2005 ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ተከተሉ። አፍሪካ የገባችበት በመስከረም 25 ቀን 2008 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 15 ቀን 2001 ዓ.ም. ይሆናል። እኛ የደመራውን ችቦ ስናሰናዳ ከላያችን ያለው ሰማይ ባለ 13 ፎቅ ሆነ ማለት ነው።

ድሮ 2000 ጫማ የተባለው በከንቱ አልነበረም። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በባሕር ወለል ላይ መደበኛው የአየር ግፊት 1013 ሄክቶፓስካል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 720 ገደማ ይወርዳል። ባቄላችን እሳት ላይ ውሎ የማይበስለውም ለዚሁ ነው። 29000 ጫማ ላይ 315 ይቀራል። 41000 ላይ 179 ብቻ። አየሩ ሲሳሳ ደግሞ ትንሽ የመለኪያ ስህተት ብዙ ጫማ ትሆናለች። በባሕር ወለል አካባቢ 1 ሄክቶፓስካል የተሳሳተ ሰው ከፍታውን የሚስተው በ27 ጫማ ያህል ነው። 41000 ጫማ ላይ ያችው ስህተት ከ110 ጫማ ትበልጣለች። እዚያ ላይ ያለችው 1000 ጫማ በሙሉ ከ9 ሄክቶፓስካል ያነሰች ናት። የዚያ ዘመን መለኪያዎች ይህችን ታህል ልዩነት በእርግጠኝነት አይለዩም ነበር። ስለዚህ ጥንቃቄው 2000 አለ።

መለኪያው ሲሻሻል ነው ርቀቱ የተቀነሰው። ዛሬ ወደዚህ ሰማይ ለመግባት አውሮፕላኑ ሁለት የማይነካኩ የከፍታ መለኪያ ሥርዓቶች ያስፈልጉታል። ከፍታውን ራሱ ጠብቆ የሚይዝ ኦቶፓይለት ያስፈልገዋል። ከተመደበለት ወለል ሲወጣ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ፣ ከፍታውን ለመሬት ራዳር የሚናገር ትራንስፖንደርም እንዲሁ። ሁለቱ መለኪያዎች ከ200 ጫማ በላይ ሊለያዩ አይገባም። የአንድ አውሮፕላን የመለኪያ ስህተት ከ245 ጫማ ማለፍ የለበትም። ይህን ያላሟላ ከ29000 በታች ይበራል። የጦርና የነፍስ አድን አውሮፕላን የመሰለው በልዩ ፈቃድ ቢገባ እንኳ የድሮው 2000 ጫማ ይጠበቅለታል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እኔ በጣም የምወደው። የአየር ግፊት እንደ አየር ጠባዩ ይለዋወጣል። ታዲያ መለኪያው እውነተኛውን ከፍታ እንዴት ያውቃል? አያውቅም። ፓይለቱ ከቦሌ ሲነሳ የአካባቢውን ግፊት ይሞላል። ከፍ ሲል ግን ሁሉም አውሮፕላን መለኪያውን ወደ መደበኛው 1013 ያዞራል። የመንዝ ገበያን አስቡ። ገብሱ የሚሰፈርበት ቁና ትንሽ ቢጠብም፣ ገበያው ሁሉ በዚያው ቁና እስከሰፈረ ድረስ ከጎረቤቱ ያነሰ የሚወስድ የለም። ሰማዩም እንዲሁ ነው። መለኪያው 35000 ሲል እውነተኛው ቁመት 35700 ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለውም ከታች ያለውም በዚያው ቁና ስለሚሰፍሩ መሀላቸው አይጠፋም።

አደጋው የሚመጣው አንዱ በሌላ ቁና ሲሰፍር ነው።

በአውሮፕላኑ አካል ግራና ቀኝ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ልሙጥ ብረት ላይ የተበሱ፣ ከሩቅ የማይታዩ። የውጭው አየር ግፊት የሚገባው በእነሱ ነው። በዙሪያቸው ብዙ ጊዜ በቀለም መስመር ተከልሎ ታያላችሁ። በዚያ ክልል ውስጥ ያለው የአውሮፕላኑ ቆዳ ጭረት አይችልም፣ ጉድጓድ አይችልም፣ ያለ ልክ የተቀባ ቀለም አይችልም። የአየሩ አፈሳሰስ በትንሹ ከተዛባ ግፊቱ ይዛባል፤ ግፊቱ ከተዛባ ከፍታው ይሳሳታል። ቴክኒሻን በባትሪ እያበራ፣ በጣቱ እየዳበሰ የሚያያት ቦታ ናት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1996 ከሊማ የተነሳ የፔሩ አውሮፕላን ወደ ባሕር ወድቆ 70 ሰው አልቋል። ሲታጠብ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሳ ቀርቶ ነበር። ያ አደጋ ከዛሬው ርዕሳችን ውጪ ነው። የቀዳዳዎቹን ክብደት ግን ከእሱ በላይ የሚናገር የለም።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «ራዳር የለም እንዴ? ተቆጣጣሪው አያይም?» ያያል። ነገር ግን በራዳሩ ስክሪን ላይ የሚታየው የከፍታ ቁጥር ራዳሩ የለካው አይደለም። አውሮፕላኑ ራሱ የተናገረው ነው። የአውሮፕላኑ መለኪያ 34000 ነኝ ካለ ትራንስፖንደሩ 34000 ይላል፣ ስክሪኑም 34000 ይጽፋል። ቲካስ የሚባለው የግጭት መከላከያም ያንኑ ቁጥር ነው የሚሰማው። መለኪያው ሲስት ሁሉም አብረውት ይስታሉ። ፓይለቱ ቀጥ ብሎ እየበረ ነው፤ ተቆጣጣሪው ሰላም ነው የሚያየው፤ ማንቂያው ዝም ብሏል።

ይህ የተፈጠረው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 5 ቀን 2015 ታማሚ የያዘች ትንሽ የአምቡላንስ ጄት ከዋጋዱጉ ወደ ዳካር ትበር ነበር። የተፈቀደላት 34000 ጫማ ነው። ከዳካር የተነሳ ቦይንግ 737 ደግሞ በ35000 ይመጣል። በሕጉ መሠረት መሀላቸው 1000 ጫማ አለ። ሴኔጋል ሰማይ ላይ ተነካኩ። 737ቱ የክንፉ ጫፍ ተጎድቶ በሰላም አረፈ። ትንሿ ጄት ዳካርን አልፋ ወደ አትላንቲክ ቀጠለችና ከነ7 ሰዎቿ ጠፋች። ምርመራው ጣቱን የቀሰረው ወደ ከፍታ መለኪያዋ ነው። ይህን ታሪክ ሳስበው ሁልጊዜ የሚመጡብኝ በዚያች ጄት ውስጥ የተኙት ታማሚ ናቸው። ለመዳን ነበር የተሳፈሩት።

ለዚህ ነው ሦስተኛ ሚዛን የሚያስፈልገው። ገበያ ላይ ሁለት ሚዛን ቢለያይ በሌላ ሚዛን ይታያል እንጂ አንዱን በደፈናው አያምኑም። አውሮፕላኖችም ከውጭ ይለካሉ። በጂፒኤስ የተገኘው እውነተኛ ቁመት ከአየር ጠባዩ ስሌት ጋር ተነጻጽሮ የመለኪያው ስህተት ይወጣል። አየር መንገዶች ከየዓይነቱ ቢያንስ ሁለት አውሮፕላን በየ2 ዓመቱ ወይም በየ1000 የበረራ ሰዓቱ፣ ከሁለቱ በረዘመው ጊዜ፣ ማስለካት አለባቸው። የአፍሪካውን የሚከታተለው ተቋም ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው። በእኔ እምነት ከአርቪኤስኤም ሥራ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ዜና አይሆንም፣ ሪባን አይቆረጥለትም። ነገር ግን ኮክፒት ውስጥ ያለ ማንም ሰው ሊያየው የማይችለውን ስህተት የሚያወጣው እሱ ብቻ ነው። ትንንሽ ቻርተር ድርጅቶች ላይ ቁጥጥሩ ጠበቅ ይበል የምለውም ከዚህ የተነሳ ነው።

መለኪያው ትክክል ሆኖም ሰው ሊስት ይችላል። የወለሎቹ አመዳደብ በኮሮና ጊዜ አዲስ አበባ ላይ እንዳየነው የሙሉና ጎዶሎ ታርጋ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ጎዶሎውን ይይዛል፦ 29፣ 31፣ 33፣ 35 ሺህ። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሙሉውን፦ 30፣ 32፣ 34 ሺህ። ወደ ሪያድ ሲሄድ ጎዶሎ፣ ሲመለስ ሙሉ። ይህ ሲፋለስ ምን እንደሚሆን ብራዚል አየችው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 29 ቀን 2006 አንድ አነስተኛ የግል ጄት ዋና ከተማዋን ብራዚሊያን ካለፈ በኋላ አቅጣጫው ስለተቀየረ ወደ ሙሉ ወለል መቀየር ነበረበት። 37000 ላይ ቀረ። ትራንስፖንደሩም ጠፍቶ ነበር፤ ስለዚህ ቲካሱ አይሠራም። ከፊት ለፊቱ በዚያው 37000 የመጣ ቦይንግ 737 ነበር። አማዞን ጫካ ላይ ተጋጩ። የ737ቱ 154 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች በሙሉ ሞቱ። ጄቷ ከነ7 ሰዎቿ አረፈች።

የብራዚሉን ነገር የሚያከፋው ሁለቱም የመስመሩን መሀል በትክክል ይዘው መብረራቸው ነው። በድሮ ጊዜ ሁለት አውሮፕላኖች በአንድ መንገድ ላይ ነን ቢሉም በመቶዎች ሜትር ወዲያና ወዲህ ይሉ ነበር። ዛሬ በጂፒኤስ በመስመሩ መሀል፣ ያለ አንዳች ዝንፈት ይሄዳሉ። ስለዚህ ከፍታው ሲሳሳት የሚያድን የጎን ርቀት የለም። ለዚህ መላ ተገኝቶለታል። በሚፈቀድበት አካባቢ ፓይለቱ ሆን ብሎ ከመስመሩ ወደ ቀኝ እስከ 2 የባሕር ማይል ይወጣል። በጠባብ የገጠር መንገድ ላይ ሁለት መኪና ሲተላለፍ እያንዳንዱ ቀኙን እንደሚይዘው ነው።

ሌላው ሥጋት የላይኛው አውሮፕላን ትቶት የሚሄደው የአየር ሽክርክሪት ነው። ከባድ አውሮፕላን ከክንፉ ጫፍ የሚወጣው አዙሪት ቀስ እያለ ወደ ታች ይሰምጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 አረቢያ ባሕር ላይ አንድ ቻሌንጀር የተባለ የግል ጄት በ1000 ጫማ ከበላዩ ያለፈው የኤ380 አዙሪት ገለበጠው። ተንከባለለ፣ 9000 ጫማ ያህል ቁልቁል ወረደ። ፓይለቶቹ አንስተው አሳረፉት፤ ሰዎች ተጎድተው ነበር፣ ጄቱም ዳግም አልበረረም። ርቀቱ በሕጉ ልክ ነበር። ትንሽ ጄት ከትልቅ በታች ሲያልፍ ንፋሱ ወዴት እንደሚገፋ ማየት ያስፈልጋል።

ወደ ቀጠናችን ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በአፍሪካ ሰማይ ላይ ራዳር የማያይባቸው፣ ሬዲዮም በቅጡ የማይሰማባቸው ሰፊ ቦታዎች አሉ። ስለዚህ ፓይለቶቹ በ126.9 ድግግሞሽ ያሉበትን ቦታና ከፍታ ለሁሉም ይናገራሉ። ስማኝ፣ እዚህ ነኝ እንደማለት ነው። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በሶማሊያና በሶማሌላንድ በኩል ባለው ሰማይ ከተለያየ ወገን የሚጋጩ ትዕዛዞች ለፓይለቶች መድረሳቸው ተዘግቧል። አንዱ ከፍ በል ሲል ሌላው ባለህበት ቆይ ይላል። 13 ፎቅ ባለው ሕንጻ ውስጥ ሁለት ሊፍት ነጂ እንዲኖር ማድረግ ማለት ነው። የሰማዩ ባለቤት ማን ነው የሚለውን ፖለቲከኞች ይጨቃጨቁበት። በሬዲዮው ላይ ግን አንድ ድምፅ ብቻ መኖር አለበት። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ጂፒኤስን ማወክም በምሥራቅ ሜዲትራኒያንና በጥቁር ባሕር አካባቢ የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ ይስታል። የሚያጽናናው ቁመቱን የሚለካው አየሩ መሆኑ ነው። ከመሬት የሚላክ የሐሰት ሲግናል የአየርን ግፊት አይቀይርም። ቀዳዳዎቹ ንጹሕ እስከሆኑ ድረስ ወለሉ ወለል ነው።

ይህ ሁሉ የተደረደረ መሣሪያ ሳይሠራ ሲቀር ደግሞ የቀረችው የፓይለቱ ቃል ናት። አንዱ መለኪያ ቢበላሽ፣ ኦቶፓይለቱ ከፍታ መያዝ ቢያቅተው፣ ወይም የክረምት ነጎድጓድ ደመና ውስጥ ገብቶ አየሩ ቢያንገጫግጨው፣ ለተቆጣጣሪው «አንኤብል አርቪኤስኤም» ይላል። አልችልም ነው ነገሩ። ያኔ ተቆጣጣሪው በዙሪያው 2000 ጫማ ያስጠብቅለታል፣ ወይም ከ29000 በታች ያወርደዋል። ይህ ለአየር መንገዱ ነዳጅ ነው፣ ሰዓት ነው፣ አንዳንዴም ተመልሶ ማረፍ ነው። ቃሏን ለማውጣት የሚያመነታ ሰው እንዳይኖር፣ ካለም በአለቆቹ እንዳይገመገምባት እመኛለሁ።

ታናሽ እህቴ ሪያድ ነው የምትሠራው። ባለፈው ለፋሲካ ስትመጣ በረራዋ 3 ሰዓት ዘገየ። ደብረ ብርሃን ያለችው እናታችን በግ አሳርዳ፣ ዶሮዋ ወጥታ፣ ሁላችን ስልክ እያየን ነበር። እህቴ ከአውሮፕላን ማረፊያው ደወለች። ተናዳለች።

«የከፍታ መለኪያው ሳይስተካከል አንነሳም አሉን» አለችኝ።

«ደግ አደረጉ» አልኳት። «እማዬን እኔ አስረዳታለሁ።»